ዳዶው መሄጃ ሲያጣ፦ ያረጀ ሞተር ሳይክል የፍሬን ሸራን በቤት መቀየር

የኋላ ፍሬን ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ ዳዶ አለ። ፍሬኑ ሲላላ በጣት ዞር ታደርጉታላችሁ፣ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አብዛኛው ሰው ስለ ፍሬኑ የሚያውቀውም እዚህ ላይ ያበቃል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። በጨረታ የገዛሁትን ባለ መቶ ሲሲ አሮጌ ያማሃ ደሴ ውስጥ እየነዳሁ፣ በየሦስት ሳምንቱ ዳዶውን አጠብቅና ጉዳዩን እረሳዋለሁ። አንድ የክረምት ጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና ሳይነሳ፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ ስል የዘንጉ ጥርስ አልቆ አገኘሁት። ዳዶው መሄጃ አልነበረውም። በዚያን ቀን ኮምቦልቻ መውረድ ነበረብኝ። በሚኒባስ ወረድኩ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጎማው እምብርት ውስጥ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ታምቡር የሚባል የብረት ቀለበት ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ፣ በጀርባቸው ላይ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ብረቶች ተቀምጠዋል፤ እነሱ አይዞሩም። በአንድ ጫፋቸው በኩል ጠፍጣፋ ብረት ተጋድሞ ይገኛል፤ ካም ይሉታል። ፔዳሉን ስትረግጡ ከውጭ ያለው ክንድ ይህን ብረት ያዞረዋል፣ የተጋደመው ይቆማል፣ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ሸራዎች እየከፈተ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። የፍሬኑ ሥራ በቃ ይኸው ነው።

ሸራው ወፍራም ሳለ ካሙ ትንሽ ዘንበል ቢል ይበቃል። ሸራው በሳሳ ቁጥር ግን ታምቡሩ ላይ ለመድረስ ካሙ ይበልጥ መቆም አለበት። ዳዶውን ስታጠብቁ የምታደርጉት ካሙን ገና ከመነሻው ግማሽ መንገድ ማቆም ነው። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ደህና ይመስላል፤ ውስጥ ያለው ሸራ ግን ያው የሳሳው ሸራ ነው። እንዲያውም የባሰ ነገር ይመጣል። የፍሬኑ ክንድና የሚስበው ዘንግ ፍሬኑ ሲያዝ ወደ ቀጥ ያለ ማዕዘን ቢጠጉ ጉልበታችሁ በሙሉ ወደ ካሙ ይገባል። ከዚያ ሲያልፉ ግን የምትረግጡት ጉልበት ከፊሉ በከንቱ ይቀራል። ካሙ ከመጠን በላይ ከቆመ ደግሞ ተመልሶ ላይጋደም ይችላል፤ ያን ጊዜ እግራችሁን ብታነሱም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል።

በዚህ የተነሳ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ክንዱ ሥር ትንሽ ቀስት፣ ሸራዎቹ በተቀመጡበት የታምቡሩ ክዳን ላይ ደግሞ ጭረት ያደርጋሉ። ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ስትይዙ ቀስቱ ጭረቱ ላይ ከደረሰ ሸራው አልቋል ማለት ነው፤ ዳዶው ገና ሰፊ ቦታ ቢኖረውም አልቋል። አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ቀስቱ በጭቃና በዘይት ተሸፍኖ ስለሚኖር ጠርጋችሁ ፈልጉት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ክንዱ ካሙ ላይ የሚቀመጠው በጥርስ ነው። ዳዶው ሲያልቅባቸው ክንዱን ነቅለው በአንድ ጥርስ አዙረው መልሰው የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ፔዳሉ አዲስ ይሆናል፣ ዳዶውም እንደገና ብዙ መንገድ ያገኛል። የእኔን ያማሃ ስፈታ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር። ካሙ ጫፍ ላይ ያለችው የነጥብ ምልክትና የክንዱ ስንጥቅ መገጣጠም ሲገባቸው በአንድ ጥርስ ተራርቀው ነበር። ከእኔ በፊት የነዳው ሰው ሸራ በመቀየር ፈንታ ምልክቱን አዛብቶታል ማለት ነው። ሸራዎቹን አውጥቼ ስለካ በቀጭኑ ቦታ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ውፍረት ነበር የቀረው። ለብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች 2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት።

በእኛ አገር መንገድ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ነጂው፣ ሞተር ሳይክሉና ጭነቱ ተደምረው 200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋሱ፣ ከፊሉን ሞተሩ ይወስደዋል። የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ የሚገባው በሁለቱ ታምቡሮች ውስጥ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ የፊት ፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው እየተጠጋ የሚመጣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሸራው ራሱም ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። የሳሳ ሸራና አልቆ የነበረ ዳዶ ከዚህ ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚተርፍ አስቡት።

የእኔ ዓይነቱ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥለው፣ ሌላም ጉድለት አለበት። ጋዝ ሲለቀቅ ባለ አራት ምት ሞተር የሚያደርገውን ያህል ሞተር ሳይክሉን ወደ ኋላ አይዝም። ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ከሞላ ጎደል በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ሥራው። መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ሸራ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የሞተር ሳይክሉን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡና ስፋቱን፣ ጉብጠቱን፣ ካሙ የሚያርፍበትን ጫፍ፣ ሞላ የሚገባበትን ቀዳዳ አንድ በአንድ አነጻጽሩ። ሸራው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሙጫው አልያዘም፣ መልሱት። እንዲህ ያለው ሸራ ሲግል ተላቆ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል። ሁለቱን ሞላዎችም አብራችሁ ግዙ። አሮጌ ሞላ ተስቦ ጥቅልሎቹ መካከል ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ሸራውን መልሶ የመሰብሰብ አቅም የለውም።

ለሥራው ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ለዳዶዎቹ ልክ የሆኑ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለኩሽኔታ የሚሸጠው ሙቀት የሚችል ግራሶ በቂ ናቸው። ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ መሬት ላይ በመሃል ማቆሚያው አቁሙት። የግቢያችሁ መሬት ዳገት ከሆነ፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ያልሆነ ግቢ ጥቂት ነው፣ የፊት ጎማውን በድንጋይ ደግፉ። ከመፍታታችሁ በፊት ከሁለቱም ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የትኛው ቀለበት ከየትኛው ዳዶ በፊት እንደነበር ለማወቅ ከማስታወስ ይልቅ ፎቶው ይታመናል።

የፍሬኑን ዘንግ፣ ከዚያ ክዳኑን ከኋላ ሹካው ጋር ያሰረውን ብረት ፍቱ። ይህን ብረት አደራ፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ የጎማውን ዋና ዘንግ ዳዶ ፈትታችሁ ዘንጉን ሳቡ፣ ሰንሰለቱን አውጡ፣ ጎማው ይወጣል። ክዳኑ ሸራዎቹን ይዞ በእጃችሁ ይላቀቃል።

በዚህ ጊዜ ጥቁር ዱቄት ይበተናል። አትንፉት፤ በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉት። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያስከትል ነገር ነው። ጎረምሶች ጋራዥ በር ላይ ተቀምጠው ታምቡር ሲነፉ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ዱቄቱን በሳሙና ውሃ በራሰና በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። በላምባ አትጠቡ። ላምባ ሲደርቅ የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ያ ቅባት ወደ አዲሱ ሸራ ይሰርጋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል ለመጨረሻው ጠረጋ ጥሩ ነው።

ታምቡሩን ወደ ብርሃን አዙሩና ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት። ለስላሳ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ይበቃዋል። ጥልቅ ቦይ ወይም ስንጥቅ ካገኛችሁ ግን አዲስ ሸራ አያድነውም። ታምቡሩ ላይ ወይም አጠገቡ የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ስፋት ተቀርጾ ይገኛል፤ 110 ሚሊ ሜትር ለሆነ ታምቡር ገደቡ ብዙ ጊዜ 111 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አሮጌው ሸራ በግራሶ ወይም በዘይት ርሶ ከተገኘ ደግሞ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አዲሱን አትግጠሙ፤ ያው ይደርስበታል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። እኔም ልዘለው ነበር። ሸራ ስገዛ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ክዳኑን አሳየኋቸው። አሮጌው ሸራ ላይ ምን እንደሚሉ ስጠብቅ እሳቸው ሸራውን አላዩትም። ክዳኑን ገልብጠው ክንዱን በሁለት ጣታቸው ለማዞር ሞከሩ፤ አልዞር አላቸው።

«ልጄ፣ ሸራው ኋላ ይደርሳል። ይህ ብረት በጣት ካልዞረ አዲስ ሸራ ብታስገባ ምን ይረባሃል?» አሉኝ።

«በእግሬ ስረግጠው ግን ይዞራል፣ አባባ» አልኳቸው።

«አዎ፣ ስትረግጠው ይሄዳል። መልሶ የሚያመጣው ግን እግርህ አይደለም፣ ሞላው ነው።»

ካሙን መትተው አወጡት። መሃሉ በዝገትና በደረቀ ግራሶ ቡናማ ሆኖ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ብረቱ እስኪነጣ አጸዱት፤ የሚቀመጥበትን ቀዳዳም በጨርቅ ጠቅልለው ወለወሉት። ከዚያ ከግራሶው የስንዴ ፍሬ የምታክል ብቻ በጣታቸው ጫፍ ወስደው በካሙ ዘንግ ላይ አዳረሱት። ከዚያ የሚበልጥ ሲግል ቀልጦ ሸራው ላይ እንደሚፈስ ነገሩኝ። ክንዱን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ በር ማጠፊያ ዞረ። ለብዙ ወራት ፍሬኔ «የሚጮኸውና የሚይዘው» በሸራው ጥፋት ይመስለኝ የነበረው ግማሹ ከዚህች ዘንግ ነበር። እናንተም ክንዱን ስታወጡ ምልክቱን አስተውሉ፤ ስትመልሱ ነጥቡና ስንጥቁ ይገጣጠሙ። ነጥቡ ከጠፋ ፋብሪካው የሠራው ቦታ አዲስ ሸራ ሲገባ ክንዱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የሚቆምበት፣ ፍሬኑ ሲያዝ ደግሞ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊሠራ ሲቃረብ የሚገኝበት ነው።

አዲሶቹን ሸራዎች ለማስገባት ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ነው የሚያስፈልገው። ክዳኑ ላይ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን በካቻቪቴ መጎተት ጣት ያስቆርጣል። ሁለቱንም ሸራዎች ውጭ ላይ በሞላዎቹ አያይዟቸው፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አጥፋችሁ አንዱን ጫፍ ከካሙ ተቃራኒ ባለው ቋሚ ችካል ላይ፣ ሌላውን በካሙ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጎን በመዳፋችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ጠቅ ብለው ይቀመጣሉ። ካሙና ችካሉ ሸራውን በሚነኩበት ቦታ ላይ ያችኑ የስንዴ ፍሬ ግራሶ ቀቡ። እጃችሁን ታጥባችሁ ነው ሸራውን የምትነኩት።

ጎማውን ስትመልሱ ወደ ተውኩት ብረት እመለሳለሁ። ፍሬን ሲያዝ የሚዞረው ታምቡር ሸራዎቹን፣ ሸራዎቹም ክዳኑን አብረው ሊያዞሩ ይታገላሉ። ክዳኑ እንዳይዞር የሚያደርገው ያ ከኋላ ሹካው ጋር የሚያስረው ብረት ብቻ ነው። እሱ ከተረሳ፣ ወይም ዳዶው ሳይጠብቅ ከቀረ፣ መጀመሪያ ፍሬን ስትይዙ ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ይጠመዝዘዋል፣ ጎማው ቀጥ ይላል። ፊት ለፊት በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው በሹካው ላይ ያለች ጉብታ ናት፤ ክዳኑ ላይ ያለው ጎድጎድ በትክክል እሷ ላይ መቀመጥ አለበት። እኔ ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ የዚያችን የኋላ ብረት ዳዶ አጥብቄ፣ እንዳትፈታ የምትሰካውን ሽቦ አዲስ ገዝቼ አስገብቼ፣ ባለቤቴን ጠርቼ እንድታይልኝ አደርጋለሁ። ሁለት ሰው ያየው ዳዶ አይረሳም።

የጎማውን ዋና ዳዶ እስከ መጨረሻው ከማጥበቃችሁ በፊት ጎማውን አዙሩና ፔዳሉን ተጭናችሁ ያዙ። ሸራዎቹ ታምቡሩን ሲጨብጡ ክዳኑ ራሱን መሃል ላይ ያሳርፋል። ይህን እንደያዛችሁ ዳዶው ይጥበቅ። ከዚያ በፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ በእጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ተዉለት። ጎማው በእጅ ሲዞር ሳይጋተት መዞር አለበት። የኋላ መብራቱ ፍሬን ስትይዙ መብራቱን ማየት አትርሱ፤ ፔዳሉ ሲስተካከል እሱም ይዛባል። ዳዶው አልፎ የወጣውን የዘንግ ጥርስ ቁጠሩና ጻፉት። እኔ የመሣሪያ ሳጥኔ ክዳን ውስጥ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ፤ ሸራው ምን ያህል እንደሄደ ሳልፈታ የሚነግረኝ እሱ ነው።

የፊት ፍሬናችሁ ዲስክ፣ ማለትም በታምቡር ፈንታ ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ክብ ብረት ያለው ከሆነ ሥራው ያነሰ ነው፣ አደጋው ግን ሌላ ነው። ዲስኩን ከጎን የሚጨብጠው ፓድ ላይ የቀረው ሸራ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየራል። አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ፓዱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ኋላ መገፋት አለበት፤ ከመግፋታችሁ በፊት ዙሪያውን አጽዱት፣ አለዚያ ቆሻሻው ጎሚኒውን ይበጣዋል። ስትገፉት በመሪው ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ የፍሬኑ ዘይት ከፍ ይላል፤ ሞልቶ ቀለሙ ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል፣ ወዲያው በውሃ አጥቡት። ሥራው ሲያልቅ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት፣ እጀታው እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ሳቡት። የመጀመሪያው ስበት ባዶ ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው ከግቢው በር ሲወጣ ፍሬን እንደሌለው ያውቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ እጀታውም ልብስ እንደመጭመቅ ይለሰልሳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ከታሸገ ጠርሙስ ብቻ ይሞላ፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ስለሚያበላሸው ጠብታም አይግባበት።

አዲስ ሸራ የገባበት ሞተር ሳይክል በዚያው ቀን ሐረጎን አይወርድም። ሸራው ከታምቡሩ ጋር ገና ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚነካካው፤ በሙሉ ገጹ እስኪገጥም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሊወስድ ይችላል። ደልደል ያለ፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ ፈልጉና በ30 ወይም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት፣ ድገሙ። ከዚያ ዳዶውን እንደገና ተመልከቱ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይላላል።

ስትወርዱም አወራረዳችሁ ሸራውን ያቆየዋል ወይም ይጨርሰዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ሸክሙን በሙሉ ለፍሬኑ ማስረከብ ነው፤ የምትቆጥቡት ቤንዚን የአንድ ሸራ ዋጋ አይሆንም፣ ሕይወትማ አይነሣ። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ሳትለቁ ረግጣችሁ አትውረዱ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ አየር ይንካው። የፊቱን ፍሬን «ይገለብጣል» ብለው የማይነኩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ መሥራት የሚችለው የፊቱ ነው፤ ቀስ በቀስ ከተሳበ አይገለብጥም። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው የኋላውን ሸራ በእጥፍ ይጨርሳል፣ የፊቱም ሳይሠራ ይዝጋል። በዝናብ ውሃ የገባበት ታምቡር ለጥቂት ጊዜ አይዝም፤ ጎርፍ ካለፋችሁ በኋላ ፍሬኑን ቀለል አድርጋችሁ ይዛችሁ ትንሽ ሂዱና አድርቁት።

እኔ ሐረጎን ጨርሼ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ስደርስ ዳር ይዤ እቆማለሁ። እጄን ወደ ሁለቱም ጎማ እምብርት አስጠጋለሁ፤ ሊፈጅ ስለሚችል አልነካም፣ ሙቀቱ ሲመጣ ብቻ አዳምጣለሁ። አንዱ እሳት ሆኖ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው አልሠራም ማለት ነው፣ በዚያው ምሽት ይፈታል። ምንም ሳልይዝ ደልዳላ ላይ ሄጄም ከጋለ ሸራው አልተመለሰም፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የማየው ያችን በጣት የምትዞር ዘንግ ነው።